ሁለት ንጉሥ ይዤ ነበር

ጥቅምት 9

ወንድምዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? ወደቡ፣ ሙቀቱ፣ የመጋዘኑ ሥራ እንዴት ይዞሃል? እኛ ተመስገን ነው። የእማዬ ጉልበት ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ለቀቅ አድርጓታል። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዐሥር ቀን ሆነው። መልሱን ያዘገየሁት ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ ነበር፤ አልበረደም፤ እንግዲህ እንዲሁ ልጻፍ።

አዎ፣ ሰውየው መጥቷል። “ድርሻዬን ቤቴ ቁጭ ብዬ አልበላም፣ ሥራ አሳዪኝ” ብሎ፣ ይኸው ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ በአባታችን ጥራዝ ቤት፣ በአንተ ቦታ፣ መቁረጫ ማሽኑ ፊት ቆሟል። ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲለካ ኖሮ ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ለአንተ ስጽፍ ግን አልልም። አንድ ከሰዓት ካርታ ተጫውቶ የአባቴን ጥራዝ ቤት ግማሹን የወሰደ ሰው አንቱታ አይገባውም።

የፈረምክለትን ውል አንድ ቅጂ ሰጥቶኛል። ፊርማህን አየሁና መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ከፊርማህ በላይ ያለውን አላነበብኩትም።

ምን ዓይነት ሰው ነው ላልከኝ፣ አላውቅም። ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ያው አንድ ሳቅ ነው የሚስቀው። ለእማዬ ወንበር ይስብላታል። ሙጫው ሲወፍር ሳልነግረው ያቀጥነዋል። እንዲህ ያለ ደግነት ከየት መጣ ብዬ የመሳቢያውን ቁልፍ ቦታ ቀይሬያለሁ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ቅዳሜ ከሰዓት ስንዘጋ ከጎናችን ያለችው ባለመድኃኒት ቤቷ ትመጣና ሦስት ሆነን ፖከር፣ ሁለት ካርታ በእጅ ተይዞ አምስት መሃል የሚገለጥበትን፣ እንጫወታለን። እሱ ነው ያስጀመረን። የምናስይዘው ከጥራዝ የተረፈ ካርቶን ቁራጭ ነው። ጨዋታውን ከልጅነታችን ከአንተ ተምሬዋለሁ፤ ይህን ሰው ግን ልደርስበት አልቻልኩም። በምንም ካርታ ማስያዣውን ይጨምራል፣ በምንም ካርታ ጥሎ ይወጣል። ባለመድኃኒት ቤቷ እንኳ “ለዚህ የሚሆን መድኃኒት እኔ ጋ የለም” ብላለች።

አስተምረኝ። በካርታ ነው የወሰደብን፤ በካርታ እመልሰዋለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 25

እህትዓለም፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ላቡ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ፣ በቀን ሁለት ሸሚዝ እቀይራለሁ። የላክሽው ሹራብ ደርሶኛል። እዚህ የሚለበስ አይደለም፤ ግን ትራሴ ላይ አድርጌዋለሁ።

ለአዲስ ዓመት ለምን እንደቀረሁ በፊት ጠይቀሽኝ ነበር። መርከብ ላይ መርከብ ገብቶ ፈቃድ ተከልክለን ነው። ይቅርታ፣ አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ። እማዬንም ይቅርታ በዪልኝ።

ከሰውየው ጋር እንድትጫወቺ አልፈልግም። ለካርቶን ከሆነ ግድ የለም፤ ከዚያ በላይ ግን እንዳታስቢው። ነገሩ አልፏል፤ እኔም ተቀብዬዋለሁ፤ አንቺም ተቀበዪው።

ስለ ጨዋታው ብቻ ከሆነ ግን አልነፍግሽም። ስህተትሽ “ምን ይዟል?” ብለሽ መነሳትሽ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በሁለት ካርታ ላይ ልትቸነክሪው አትችዪም። “ምን ምን ሊይዝ ይችላል?” በዪ። መጀመሪያ ሁሉንም ፍቀጂለት፤ ትልቁንም፣ ትንሹንም፣ የማይረባውንም። ከዚያ መሃል ላይ ሦስቱ ካርታ ሲገለጥ፣ አራተኛው ሲመጣ፣ አምስተኛው ሲመጣ፣ ያደረገውን እያየሽ “ይህን ቢይዝ ኖሮ እንዲህ ያደርግ ነበር?” እያልሽ ሰርዢ። የሚሳሳቱት ሰዎች ከመጀመሪያው የሚፈሩትን ካርታ ወይ የሚመኙትን ካርታ በእጁ ያስቀምጡለታል። አንቺ አትፍሪ፣ አትመኚ። ሰርዢ ብቻ። መጨረሻ ላይ ሳይሰረዝ የቀረው ነው የያዘው።

ሲያወራ አትስሚው። እጁን እዪ።

እኔን የጣለኝ እንዴት እንደሆነ መስማት ከፈለግሽ፣ ይኸው። ሁለት ንጉሥ ይዤ ነበር። መሃል ላይ ንጉሥ፣ ስምንትና ሦስት ተገለጠ። ሦስት ንጉሥ ሆነልኝ ማለት ነው። ያለኝን ሁሉ ማስያዣ አድርጌ ገፋሁ። እሱ አራትና አምስት ይዞ፣ ከተገለጠው ጋር ምንም ሳይገጥምለት፣ እኩል አስይዞ ተከተለኝ! ከዚያ ስድስት መጣ፣ ከዚያ ሰባት። አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ተሰልፈው ሦስት ንጉሤን በሉት። እብድ ነው፤ እብድን ደግሞ ማንበብ አይቻልም። ለዚህ ነው ተዪው የምልሽ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 12

ወንድምዓለም፣

ሰላም ነህ? እኛ ደህና ነን። የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ገብቶ ጣቶቼ በመርፌ አልቀዋል። “ሰውየው ማሽኑን አበላሸው ወይ?” ብለህ ሳታስብ አትቀርም። አላበላሸውም። ወረቀቱን በመሬት ልኬት ዓይኑ ነው የሚያየው መሰለኝ፤ ጠርዙ እንደ ክር ቀጥ ይላል። ይህን ስጽፍልህ ደስ ብሎኝ አይደለም።

እንዳልከው አደረግሁ። ከተረፈ ወረቀት ትንሽ ደብተር ጠርዤ ስድስት ቅዳሜ ሙሉ እያንዳንዱን ጨዋታ ጻፍኩ። የሚገርመው ራሱ ይረዳኛል። ካርታውን ከጣለ በኋላ ገልብጦ ያሳየናል፤ “እዩ፣ በዚህ ነው ያስፈራራኋችሁ!” እያለ ይስቃል። ተንኮል ይሆን ብዬ ሁለት ቅዳሜ አላመንኩትም ነበር። ግን የሚገለብጠው እውነተኛ ካርታ ነው፤ ሊያታልልበት አይችልም።

ያገኘሁት ይኸውልህ። ካርታ ገና ሲታደል በእርግጥም እብድ ነው። ሁለትና ዘጠኝ ይዞ ይጨምራል፤ ሁለት አስ ይዞ ደግሞ እንደ ዕቃ ዝም ይላል። እዚህ ላይ ምንም ልሰርዝበት አልቻልኩም። ሦስቱ መሃል ላይ ሲገለጡ ግን ሌላ ሰው ነው። ከተገለጠው ጋር ካልገጠመለትና ሌላ ሰው በትልቁ ከገፋ፣ ይጥላል። ሁልጊዜ። ሠላሳ ሰባት ጊዜ ጽፌአለሁ፤ ሠላሳ ሰባቱንም ጥሏል። አንድ ጊዜ እኔ ሆን ብዬ በባዶ ገፋሁበት፤ ጣለና “አንቺ ልጅ፣ የሆነ ነገር ይዘሻል” አለኝ። ምንም አልያዝኩም ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር አልገባኝም። አራትና አምስት ይዞ፣ ንጉሥ፣ ስምንትና ሦስት ወጥቶ፣ አንተ ያለህን ሁሉ ስትገፋ እንዴት ተከተለህ? የማውቀው ሰውዬ እዚያ ላይ ካርታውን ወርውሮ፣ ስቆ ያሳይህ ነበር። ያን ቀን ምን አየብህ? የት ነበር የተጫወታችሁት? ሌላስ ማን ነበር?

ጥርጣሬዬ በእሱ ላይ ነው። ካርታው ምልክት ተደርጎበት ይሆን? ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቅ ነበር ይሆን? እንዲህ ከሆነ ቤቱን ሳልጫወት በክስ እመልሰዋለሁ።

ደግሞ ሌላ ነገር። ይህንኑ ለእማዬ ስነግራት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና “ዛሬ ነፋስ አለ” አለችኝ። ነፋስ አልነበረም።

እህትህ


ታኅሣሥ 27

እህትዓለም፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መልካሙን ሁሉ ከሠላምታ በኋላ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን አስቆጥተሽኛል። አንቺ እኔን ፖሊስ ጣቢያ አስቀምጠሽ ነው እንዴ የምትጠይቂኝ?

ክስ የሚባል ነገር እንዳይነሳ። ሰውየው አላጭበረበረም። ይህን እኔ እነግርሻለሁ፤ በቃ።

ሰው ለካርቶን ሲጫወትና ለቤት ሲጫወት አንድ ዓይነት አይደለም። ለካርቶን የሚጥለውን ለቤት ይከተላል። ሠላሳ ሰባት ጊዜ ብትጽፊ ሠላሳ ስምንተኛውን አታውቂም። የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ባለችው ሻይ ቤት፣ እሑድ ዕለት፣ ከምሳ በኋላ። ሁለቱን ንግሥቶቼን ይዤ፣ ሦስተኛዋ መሃል ላይ ወጥታልኝ፣ ማን ይጥላል ብዬ ነው የገፋሁት? ማንም አይጥልም። እሱ ግን ተከተለ፣ ስድስቱም ሰባቱም መጡለት። ይኸው ነው። ሰው ይሸነፋል።

እማዬን በዚህ ነገር አታስጨንቂያት፤ አርጅታለች። ለፋሲካ ለመምጣት እሞክራለሁ፤ ቃል ግን አልገባም።

አሁን ደግሞ ተቆጥቼ ስላበቃሁ፣ እንዴት ነሽ? ዓይንሽ በዚያ ሁሉ መርፌ እንዳይጎዳ። መስኮቱ ጋ ተቀምጠሽ ስፊ።

ወንድምሽ


ጥር 20

ወንድሜ፣

በጥቅምት ሁለት ንጉሥ ይዘህ ነበር። በታኅሣሥ ሁለት ንግሥት ሆኑ።

እኔ ከስድስት ቅዳሜ በፊት የጣልኩትን ተራ ካርታ አስታውሳለሁ። አንድ ሰው የአባቱን ቤት የተበላበትን ካርታ ይረሳል? ደብዳቤህን ከጥቅምቱ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኩ። ከዚያ ባለፈው ቅዳሜ ያደረግሁትን ልንገርህ።

ካርታው ሊታደል ሲል “ዛሬ በካርቶን አልጫወትም” አልኩ።

“በምን ልትጫወቺ ነው?” አለኝ ቀያሹ።

“በቤቱ። ከወንድሜ የበሉትን ግማሽ እርስዎ ያስይዛሉ፤ እኔም የራሴን አስይዛለሁ።”

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም። ካርታውን ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

“የበላሁትን?” አለ። “ምን በላሁ?”

“በካርታ።”

ባለመድኃኒት ቤቷን አያት፤ እሷም እሱን አየችው። ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ “ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ ከክብሪት እንጨትና ከካርቶን ሌላ አስይዤ አላውቅም። አባቴ ቁማርተኛ ነበር፤ ለዚህ ነው። የወንድምሽን ድርሻ የገዛሁት ነው። ‘እህትህ ታውቃለች?’ ብዬ ጠየቅሁት፤ ‘ታውቃለች’ አለኝ። ውሉን ሰጥቼሽ የለም? አላነበብሽውም?” አለኝ።

መሳቢያውን ከፍቼ፣ እዚያው ቆሜ፣ አነበብኩት። የሽያጭ ውል ነው። ቀኑ አንተ “ተበላሁ” ብለህ እያለቀስክ ቤት ከገባህበት እሑድ ሦስት ወር ይቀድማል። ከታች ምስክር አለ። ምስክሩ የጣት አሻራ ነው፤ የእናቴ አሻራ።

ቀያሹ ኮታቸውን ለበሱና “እኔ ልሂድ፣ ሰኞ እንነጋገር” አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንተም ስጽፍ አንቱ እላቸዋለሁ። አምስት ወር ሙሉ በአንተ ምክንያት ሰው አዋርጃለሁ።

እማዬን አልጠየቅኋትም። እንዳስተማርከኝ አደረግሁ። ወንድሜ ምን ምን ሊይዝ ይችላል ብዬ ሁሉንም ፈቀድኩልህ፣ ከዚያም ስሰርዝ ሰነበትኩ። የገንዘብ ችግር ገጥሞህ ነው እንዳልል፣ ለእኔ ባትነግረኝ ለባለመድኃኒት ቤቷ ትነግራት ነበር፤ አትችልም ዝም ማለት። ታመህ ነው እንዳልል፣ ወደብ ላይ ጭነት የሚሸከም ሰው ነህ። ሴት ወደህ ነው ብዬ ደስ ሊለኝም ነበር፤ ነገር ግን ለሴት የሄደ ሰው የእህቱን ሹራብ ትራሱ ላይ አያደርግም። እንዲህ እያልኩ እየሰረዝኩ፣ ያ የመጨረሻው ክረምት ትዝ አለኝ። ሳልጠይቅህ የመቁረጫውን ቢላ መሳልና መቀየር አስተማርከኝ። ለናሙና መያዣ ብለህ ሻንጣ ገዛህ። ደግሞ ስሕተትህን ሳሳይህ መከራከር ተውክ። “እሺ” ብቻ ትለኝ ነበር። እኔ የበሰልክ መስሎኝ ነበር።

አንድ ብቻ ነው ሳይሰረዝ የቀረው። እኔ አልጽፈውም። አንተው ጻፍልኝ።

እህትህ


የካቲት 4

እህትዓለም፣

ሁለት ንጉሥም፣ ሁለት ንግሥትም አልያዝኩም። ከቀያሹ ጋር በካርታ የተቀመጥኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ውሉን ስንጨርስ፣ በክብሪት እንጨት። አሸነፍኳቸው። ጥለው ያሳዩኝና ይስቁ ነበር፤ ልክ እንዳልሽው።

ልሄድ ፈልጌ ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

ዐሥራ አንድ ዓመት እዚያ ማሽን ፊት ቆሜያለሁ። ሙጫው ምሳዬ ውስጥ ይሸተኝ ነበር። አንቺ ከትከሻዬ ኋላ ትቆሚና “ግራው ከፍ ብሏል” ትዪኛለሽ። በቀን ስንት ጊዜ? አንቺ ክፉ ሆነሽ አይደለም። ሥራውን ትወጂዋለሽ፤ የምትወጂውን ነገር እኔ በየቀኑ አበላሽብሽ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት፣ ይህን በር እስክሞት ልከፍተው ነው ብዬ አሰብኩ። የዚያኑ ሳምንት ገዢ ፈለግሁ።

ለእማዬ ነገርኳት። “ለእህትህ ራስህ ንገራት” አለችኝ። “እነግራታለሁ” አልኳት፣ እሷም አምና አሻራዋን አኖረች። ሦስት ወር ሙሉ በየማታው እራት ላይ ልነግርሽ ተቀመጥኩ። በየማታው ሳህኔን አንስቼ ገባሁ። ከዚያ እሑድ ዕለት ስገባ “ፊትህ ምን ሆኗል?” አልሽኝ፤ ከአፌ የወጣው “በካርታ ተበላሁ” የሚል ነው። አላሰብኩትም፤ እንዲሁ ወጣ። ተበላሁ ብል ታዝኚልኛለሽ፤ ሰለቸሽኝ ብል ግን ምን ትዪኛለሽ? አንቺም አቅፈሽኝ አለቀስሽ። ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረኝም። እማዬ ከኩሽና ሆና ሰማችኝ። ወጥታ አየችኝ፣ ተመልሳ ገባች። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገረችኝም።

ካርታ ማንበብ አስተምረኝ ስትዪኝ መከልከል ነበረብኝ። ግን ከሄድኩ ወዲህ ከቁጣ ሌላ አልጻፍሽልኝም ነበር፤ የሆነ ነገር ስትጠይቂኝ ደስ አለኝ። የማስተምርሽ ነገር በራሴ ላይ እንደሚመጣ ገብቶኝ ነበር መሰለኝ። ምናልባት ለዚያ ይሆናል ንጉሦቹን የረሳሁት።

ይቅርታ አድርጊልኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 24

ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው አለቀስኩ። በሁለተኛው ወጥቼ እስከ ጣቢያው ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ደግሞ ሳቅሁ፤ ምክንያቱም ግራው እውነትም ከፍ ይል ነበር።

ያን ሳምንት ስድስት መመረቂያ ጽሑፍ አጣምሜ ሰፋሁ። ቀያሹ አይተዋል። ክሩን ፈትተው እንደገና ገጹን ደርድረው ሰጡኝ። ይቅርታ ስጠይቃቸው “የጠረጠርሽኝ ላልሠራሁት ነው፤ የሠራሁትን ብትጠረጥሪ ይብስ ነበር” አሉኝ። ድርሻቸውን ቀስ በቀስ ሠርቼ እንድገዛ ሐሳብ አቅርበውልኝ ነበር። አይሆንም አልኩ። ጠዋት በ‘ደህና አደርሽ’ ገብቶ መሆን የሚፈልግበት ቦታ ላይ የቆመ ሰው ከጎኔ ሲኖር ምን እንደሚመስል አሁን ነው የማየው።

አሁን እኔም የምነግርህ አለ። አንተን ብቻ ሳይሆን ራሴንም በዚያው መንገድ ስሰርዝ ሰነበትኩ። ቤቱን ላስመልስ ይህን ሁሉ ወር የታገልኩት ለምንድን ነው? ለአባታችን ነው ብዬ ነበር፣ ተሰረዘ፤ አባታችን እንደሆነ ቤቱ እስከሠራ ድረስ ማን ቆረጠ ብሎ አይጨነቅም ነበር። አንተ እንድትመለስ ነው ብዬ ነበር። እሱም ተሰረዘ። ቀያሹ የመጡ ቀን፣ የመጀመሪያውን ጥራዝ ቆርጠው ሲሰጡኝ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት፤ ቀጥ ብሎ ነበር። እፎይ አልኩ። ወዲያው አፈርኩ። ወንድሜ ተበልቶ እንዴት እፎይ እላለሁ ብዬ ያን ሁሉ ንዴት በእሳቸው ላይ አወረድኩት። ያኔ እራት ላይ “ልሄድ ነው” ብትለኝ ኖሮ አንድ ሳምንት እጮህብህ ነበር፤ ሻንጣህን እደብቅብህ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እንደምሸኝህ አውቃለሁ። ያንን መሸኘት ነው የነሣኸኝ፤ ቤቱን አይደለም።

ይቅርታ ጠይቀኸኛል። ገና አልሰጠሁህም። ሲመጣ እጽፍልሃለሁ፤ ሳይመጣ መጣ ብዬ ግን አልዋሽህም፤ በቤታችን የተዋሸው ይበቃናል።

ለፋሲካ መምጣት ከቻልክ ና። አልጋህ አለ። ጥራዝ ቤቱ ግን ስትገባ አንኳኳ፤ የሁለት ሰዎች ቤት ነው።

ይህን ደብዳቤ ሳላሽገው ለእማዬ አነበብኩላት። አንድም ሳልዘል፣ የአሻራዋንም ጉዳይ ጨምሬ። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ስጨርስ “ከእኔም ጨምሪበት” አለችኝ።

“ምን ልበለው?”

“እንዳልተቆጣሁ በዪው።” አለች፤ ከዚያ “አይ፣ ተቆጥቻለሁ በዪው።”

“የትኛውን ልጻፍ?”

“ሁለቱንም ጻፊው፤ ልጄ አይደለም?” አለች።

ሁለቱንም ጽፌልሃለሁ።

እህትህ